የቤንዚን ሚኒቫን ካንዴላና የካንዴላ ገመድ በግቢ ውስጥ እንዴት ይቀየራል?

በጎንደር በክረምት ማለዳ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚወጣ የቤንዚን ሚኒቫን ዳገቱን ሲጀምር የሚንተፋተፍ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ከመሳብ ይልቅ የሚንዘፈዘፍ፣ ፀሐይ ወጥታ ሞተሩ ሲደርቅ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት የሚሄድ ከሆነ፣ ጥፋቱን አስቀድመን መፈለግ ያለብን ቤንዚኑን በብልጭታ በሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎችና ኤሌክትሪክ በሚያደርሱላቸው ገመዶች ላይ ነው። ሁለቱንም በቤት ግቢ ውስጥ መቀየር፣ ተገቢው መሣሪያ ላለውና ለማይቸኩል ሰው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን የምጽፈው የመኪናውን ሁኔታ በገዛ ዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ባለቤት ሲሆን፣ ከወዲሁ እንዲያዝልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሥራው ከጉልበት ይልቅ የጣት ስሜት ይፈልጋል። በዚህ ሥራ ላይ ሲደርስ ያየሁት ከባድ ጉዳት ሁሉ የመጣው መፍቻ ከጣት ቀድሞ ስለገባ ነው።

መኪናዎ ካንዴላና ገመድ እንዳለው ያረጋግጡ

በከተማችን መንገድ ላይ ከምናያቸው ሃይኤሶች ብዙዎቹ የናፍጣ ናቸው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየሩን በኃይል ጨምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ስለሆነ ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላም ሆነ የካንዴላ ገመድ የለውም፤ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ካንዴላ የሚመስል ነገር ቢታይ እንኳ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የሚያሞቅ እንጂ ብልጭታ የሚሰጥ አይደለም። በሌላ በኩል፣ አዳዲሶቹ የቤንዚን ሚኒቫኖች በእያንዳንዱ ካንዴላ አናት ላይ የተቀመጠ የየራሱ ቦቢና (የኤሌክትሪኩን ቮልት የሚያሳድግ ዕቃ) ስላላቸው የሚቀየር ገመድ የላቸውም። ይህ መመሪያ የሚመለከተው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያሉትን፣ ማለትም ዲስትሪቢዩተር (ኤሌክትሪኩን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል ዕቃ) እና አራት ረጃጅም የካንዴላ ገመዶች ያሏቸውን የቤንዚን ሞተሮች ነው። ባለ 2438 ሲሲ የ2አርዜድ ሞተር የተገጠመላቸው አሮጌ ሃይኤሶች ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ በእነዚህ መኪናዎች ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ሥራው የሚሠራው ወንበር አንሥቶ በመኪናው ውስጥ ነው።

ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። ቦቢና፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ የሚሉት የጋራዥ ቃላትም ልክ እንደ ፒያሳችን ስም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። መለዋወጫ ሲገዙም ሆነ መካኒክ ሲያማክሩ በእነዚህ ስሞች ቢጠቀሙ ወዲያው ይግባባሉ።

ሁለቱ ለምን አብረው ይቀየራሉ?

ከባትሪው የሚነሣውን 12 ቮልት ቦቢናው ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያሳድገዋል፤ ዲስትሪቢዩተሩ ይህን ኃይል በየተራ ለአራቱ ገመዶች ያከፋፍላል፤ ገመዶቹም ወደ ካንዴላዎቹ ያደርሳሉ፤ ኃይሉ በካንዴላው ጫፍ ያለችውን አንድ ሚሊሜትር የማትሞላ ወይም እምብዛም የማትበልጥ ክፍተት ዘልሎ ሲሻገር ብልጭታ ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ ይበልጫል። እያንዳንዱ ብልጭታ ከኤሌክትሮዱ ብረት ጥቂት ጥቂት እየላሰ ይወስዳል፤ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልት ይጨምራል፤ ይህ የጨመረ ቮልት ደግሞ በካንዴላው በኩል መውጣት ሲከብደው ቀላሉን መንገድ ይፈልጋል። ቀላሉ መንገድ ሙቀትና ዘይት ያደረቀው፣ የተሰነጠቀው የገመድ ጎማ ነው። ስለዚህ ያረጀ ካንዴላ ገመዱን ያበላሻል፣ የተበላሸ ገመድም አዲሱን ካንዴላ ያለ ሥራ ያስቀምጠዋል። አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ወንበር እንደገና ማንሣት ነው።

ዝናብ የገመዱን በሽታ የሚያባብሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። በስንጥቁ ውስጥ የገባው እርጥበትና በበጋ የተጠራቀመው አቧራ ተቀላቅለው ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሩ ብረት እንዲያመልጥ መንገድ ይከፍቱለታል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ማታ በጨለማ፣ በሞተሩ ዙሪያ የቤንዚን ሽታ አለመኖሩን ካጣራ በኋላ፣ ሞተሩን አስነሥቶ በገመዶቹ ላይ በመርጫ ዕቃ ጥቂት ውኃ ቢረጭ፣ ገመዱ ካለቀ ሰማያዊ ብልጭታ በገመዱ ላይ ሲሮጥ ያያል። ይህን ሲያደርጉ እጅዎን ከሞተሩ ያርቁ።

በብዙ ቦታ የሚሠራበት ሌላ ዘዴ አለ፤ ሞተሩ እየሠራ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የትኛው ፒስተን እንደማይሠራ መፈለግ ነው። እኔ ይህን አልመክርም። ሰውን በኃይለኛ ኤሌክትሪክ ከመምታቱም በላይ መውጫ ያጣው ቮልት ቦቢናውንና የኤሌክትሮኒክ ክፍሉን ሊያቃጥል ይችላል። የማይሠራውን ፒስተን ካንዴላው ራሱ ከወጣ በኋላ ይናገራል፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

የሚገዙትና የሚያዘጋጁት

ትክክለኛው የካንዴላ ዓይነት የተጻፈው በመኪናው መጽሐፍ ውስጥ ነው። መጽሐፉ ከሌለ አሮጌውን ካንዴላ ይዘው ወደ መለዋወጫ መደብር ይሂዱ፤ ነገር ግን ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት የተሳሳተ ካንዴላ አስገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ የሞተሩን ስም ለሻጩ ነግረው ከካታሎግ እንዲያመሳክርልዎ ይጠይቁ። በካንዴላው ላይ የታተመው ጽሑፍ ትርጉም አለው። ለምሳሌ ኤንጂኬ በሚባለው ፋብሪካ ካንዴላ ላይ ቢፒአር5ኢኤስ የሚል ቢያነቡ፣ "ቢ" የ14 ሚሊሜትር የብሎን ጥርስ ያለውና በ21 ቁጥር ቡሶላ (በላዩ ተደፍቶ በሚያዞር መፍቻ) የሚፈታ መሆኑን፣ "አር" የሬዲዮ ጩኸት የሚከላከል ሬዚስተር በውስጡ እንዳለ፣ "ኢ" የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊሜትር መሆኑን፣ 5 ደግሞ ካንዴላው ሙቀትን የሚያስተላልፍበትን ደረጃ ያመለክታል። ርዝመቱን በተመለከተ ቀልድ የለም፤ ከሚገባው በላይ የረዘመ ካንዴላ ከፒስተኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል። በሙቀት ደረጃውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፣ በቦሽ ግን ተቃራኒው ነው። አንዱን በሌላው ቁጥር መተካት ስሕተት የሚፈጥረው ለዚህ ነው።

ተመስሎ የተሠራ ካንዴላ በገበያው ውስጥ አለ፤ እኔም አንድ ጊዜ ገዝቼ ሁለት ወር ሳይሞላው አውጥቼ ጥያለሁ። ከዚያ ወዲህ ከመክፈሌ በፊት ካንዴላውን ከካርቶኑ አውጥቼ በብርሃን አየዋለሁ። በነጩ ሸክላ ላይ ያለው ጽሑፍ የጠራ መሆን አለበት፣ ጥርሱ በጥፍር ሲነካ የማይቧጥጥ ለስላሳ፣ የጎኑ ኤሌክትሮድ ከመካከለኛው ልክ ትይዩ፣ የጥርሱ ሥር ላይ ያለችው የብረት ቀለበትም በጣት ሲያዞሯት ወልቃ የማትወጣ መሆን አለባት። ቀለበቷ እንደ ልቅ የጣት ቀለበት ሙልጭ ብላ ከወጣች ካንዴላውን መልሱ።

ገመዶቹን አራቱንና ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን አምስተኛውን ጨምሮ እንደ አንድ ስብስብ ይግዙ። መሣሪያው ብዙ አይደለም፤ በውስጡ ካንዴላውን የሚይዝ ጎማ ያለው የካንዴላ ቡሶላ፣ ማራዘሚያ፣ የባትሪ ራስ የሚፈታ 10 ቁጥር መፍቻ፣ የክፍተት መለኪያ ጌጅ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሲሊኮን ግራሶ፣ ፕላስተርና እስክሪብቶ፣ እንዲሁም ሃያ ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ የካንዴላውን አናት ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ የነዳጅ ጎማ ቱቦ ቁራጭ ይበቃል። ይህች ቱቦ ርካሽ ሆና ሳለ ከሁሉም መሣሪያ የማስበልጣት ናት።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ

ሥራውን ማለዳ፣ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ባደረበት ይጀምሩ። ምክንያቱን ከደረሰብኝ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በጥምቀት ሰሞን እንግዶች ልቀበል ወደ አየር ማረፊያ ልሄድ ስል ሞተሩ መንተፋተፍ ጀመረብኝ፤ ከመንገድ ተመልሼ፣ ሞተሩ ገና እጅ እያቃጠለ፣ ሦስተኛውን ካንዴላ በጉልበት ፈታሁት። መፍቻው መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ ከብዶ ከብዶ ዞረ፣ ካንዴላው ሲወጣ በጥርሱ ላይ እንደ ጠጉር የቀጠነ የሚያብለጨልጭ ጥቅልል ተጠምጥሞበት ነበር። ያ ጥቅልል የቴስታታው ጥርስ ነው። የአብዛኞቹ የጃፓን ሞተሮች ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ በዚያ ሁኔታ ሲፈታ የሚበላው ለስላሳው ነው። ቀዳዳው ተሞርዶ አዲስ የጥርስ ጥቅልል እስኪገባለት መኪናው ቆመ፣ እንግዶቼንም በሰው መኪና አመጣኋቸው።

የጎንደር ግቢ ሁሉ ሜዳ አይደለም። መኪናውን በተቻለ መጠን ደልዳላ ቦታ አቁመው፣ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ በጎማዎቹ ሥር ትልልቅ ድንጋይ ያድርጉ። ቁልፉን ነቅለው ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ራስ ፈትተው ወደ ጎን ያድርጉ። ቡና የሚፈላ ከሆነ የከሰሉ ምድጃ ከመኪናው ራቅ ይበል፤ በወንበር ሥር ያለ ሞተር የቤንዚን ትነት የሚጠራቀምበት ቦታ ነው።

ወንበሩን አንሥተው የሞተሩን መክደኛ ከከፈቱ በኋላ ምንም ከመንካትዎ በፊት በስልክዎ ከሁለትና ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ በእያንዳንዱ ገመድ ሁለት ጫፎች ላይ፣ ማለትም በካንዴላው በኩልና በዲስትሪቢዩተሩ በኩል፣ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ይለጥፉ። አንደኛው ሲሊንደር (ፒስተኑ የሚመላለስበት ጉድጓድ) በችንጋው በኩል ያለው ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ይቁጠሩ።

አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው

የዚህ ሥራ ትልቁ ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ገመድና አንድ ካንዴላ ብቻ መንካት ነው። አራቱን ገመዶች በአንድነት የነቀለ ሰው መልሶ ሲያስገባ ቢሳሳት ሞተሩ ወይ አይነሣም፣ ወይ በአየር ማስገቢያው በኩል እየተኮሰ ይንቀጠቀጣል።

ገመዱን ሲነቅሉ ሽቦውን አይሳቡ። በካንዴላው ላይ የተደፋውን የጎማ ቆብ ጨብጠው መጀመሪያ ግማሽ ዙር ወዲህና ወዲያ ያዙሩት፤ ከሸክላው ጋር የተጣበቀው ሲላቀቅ ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ሽቦውን ከሳቡት ውስጡ ያለው ቀጭን የካርቦን ክር ይበጠሳል፣ ከውጭ ግን ጤነኛ ይመስላል።

ቆቡ ሲነሣ በካንዴላው ዙሪያ የተከማቸው አቧራና አሸዋ ይታያል። የሚፈታው ካንዴላ ቀዳዳውን ሲለቅ ይህ ሁሉ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባ ስለሆነ አስቀድሞ መጽዳት አለበት። ጎሚስታ በአቅራቢያዎ ካለ በነፋስ ማስነፋት ይቻላል፤ እቤት ከሆነ የብስክሌት ፓምፕ ይበቃል። ዓይንዎን ይሸፍኑ።

ቡሶላውን እስከ ታች አስገብተው፣ ቀጥ ብሎ መቀመጡን በእጅዎ አረጋግጠው፣ ወደ ግራ ያዙሩ። ያጋደለ ቡሶላ ሸክላውን ይሰብራል። ካንዴላው ለመጀመሪያው ሩብ ዙር ተቃውሞ ከዚያ ቢቀል ትክክል ነው። ከሩብ ዙር በኋላም እየከበደ ከሄደ ግን ያቁሙ፤ ወደ ቀኝ ጥቂት መልሰው፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ በጥርሱ ሥር ጣል አድርገው፣ ቢቻል ሌሊቱን ያሳድሩት። በማግሥቱ ወደ ግራ ጥቂት፣ ወደ ቀኝ ጥቂት እያደረጉ ቀስ ብለው ያውጡት። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ በሚቆይበት ጊዜ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ አንዲት ትንሽ ቀለበት ብትወድቅ ቴስታታ ታስወርዳለች።

ካንዴላው የሚነግርዎ

አሮጌዎቹን ካንዴላዎች ሳይጥሉ፣ በካርቶን ላይ ቀዳዳ አበጅተው ከአንድ እስከ አራት በተራቸው ይትከሏቸው፤ ከዚያ በፀሐይ ብርሃን አንድ በአንድ ይመልከቷቸው። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ጠቃሚው ይህ ክፍል ነው፤ ሌላ ጊዜ የማይታየውን የሞተሩን ውስጥ በአራት ቁራጭ ሸክላ ላይ ተጽፎ የምናነብበት ጊዜ ነውና።

የመካከለኛው ኤሌክትሮድ ዙሪያ ያለው ሸክላ ወተት የበዛበት ቡና ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ መልክ ካለው ሞተሩ በጥሩ ሁኔታ እየነደደ ነው። ደረቅና እንደ ምድጃ ጥላሸት የጠቆረ፣ ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀር ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ በልጧል ማለት ነው። እዚህ ላይ የጎንደርን ከፍታ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ሞተር ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከለ እዚህ ከመጣ ያንኑ ቤንዚን ለሳሳ አየር ስለሚሰጥ አራቱንም ካንዴላዎች ያጠቁራል። በኮምፒውተር የሚታዘዝ የነዳጅ ሥርዓት ያላቸው ሞተሮች የአየሩን መሳሳት በሴንሰር ስለሚያውቁት ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ስለዚህ በካርቡራተር ሞተር ላይ አራቱም እኩል ጠቁረው ካገኟቸው ካንዴላ በመቀየር ብቻ አይድንም፤ ካርቡራተሩን ለዚህ ከፍታ ማስተካከልና የአየር ፊልትሮውን ማየት ይገባል። ይህ መኪና በአይከል በኩል ወደ መተማ ሲወርድና ከ1000 ሜትር በታች ሲደርስ ጉልበቱ ከጨመረና ጭሱ ከጠራ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሌላም የጥላሸት ምክንያት አለ። የካንዴላ ጫፍ ራሱን ከጥላሸት የሚያጸዳው ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አራዳ ብቻ የሚመላለስ መኪና ወደዚያ ሙቀት ሳይደርስ ይጠፋል፤ እንዲህ ላለው መኪና አልፎ አልፎ ወደ ባሕር ዳር መንገድ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት በደንብ መነዳቱ መድኃኒት ነው።

አንደኛው ካንዴላ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ የጠቆረ ወይም በቤንዚን የራሰ ከሆነ ያ ሲሊንደር ብልጭታ አላገኘም፤ የዚያን ቁጥር ገመድ ለብቻው አስቀምጠው ይፈትሹት። ጥቁር ሆኖ የሚያንጸባርቅና የሚያዳልጥ እርጥበት ግን የሞተር ዘይት ነው፤ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ስለሆነ አዲሱም ካንዴላ እንደዚያው መሆኑ አይቀርም፣ መካኒክ ማየት አለበት። ሸክላው ነጭ ሆኖ የተቃጠለና ትንንሽ ፈሳሽ ነጠብጣብ የደረቀበት የሚመስል ከሆነ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሞቀ ነው፤ አየር ሾልኮ መግባት፣ የብልጭታው ሰዓት መቅደም ወይም የተሳሳተ የሙቀት ደረጃ ያለው ካንዴላ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ዳገት ላይ ከመውጣትዎ በፊት ያስመርምሩት።

በውጭ በኩል፣ ከብረቱ ከፍ ብሎ በነጩ ሸክላ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ቢያዩ አይደንግጡ፤ በከፍተኛ ቮልት ምክንያት የሚፈጠር ቀለም እንጂ ጉዳት አይደለም። ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጭን ጥቁር መስመር ግን ሌላ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በሸክላው ላይ እየሮጠ ወደ ብረቱ ሲያመልጥ የሄደበት ዱካ ሲሆን፣ በገመዱ ቆብ ውስጥም ተመሳሳይ መስመር ያገኛሉ።

አዲሱን ማስገባት

ከካርቶን የወጣ አዲስ ካንዴላ ክፍተቱ ትክክል ነው ብለው አይመኑ፤ በጉዞ ወይም በመውደቅ ሊለወጥ ይችላል። በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር፣ በአሮጌ ሞተሮች ብዙ ጊዜ 0.8 ሚሊሜትር፣ በኋለኞቹ እስከ 1.1 ሚሊሜትር የሚሆነው፣ በጌጁ ሲለካ ምላጩ ጥቂት እየተቃወመ ማለፍ አለበት። ከጠበበ ወይም ከሰፋ የጎኑን ኤሌክትሮድ ብቻ ቀስ ብለው ያጥፉ፤ መካከለኛውን ተደግፎ መቀልበስ ሸክላውን ይሰነጥቃል። ጫፋቸው እንደ መርፌ የቀጠነ የኢሪዲየም ካንዴላዎች በቀላሉ ስለሚሰበሩ ሳይነኳቸው ማስገባት ይሻላል።

አሁን ቱቦዋን ያንሡ። የካንዴላውን አናት በቱቦው ጫፍ ውስጥ ያጥብቁና ወደ ቀዳዳው ቀስ አድርገው ያውርዱት። ጥርሱ ቀዳዳውን ሲነካ በመጀመሪያ ወደ ግራ ያዙሩ፤ የሁለቱ ጥርሶች አፍ ሲገጣጠም ትንሽ "ጠቅ" የምትል መውረድ በጣትዎ ይሰማዎታል። ከዚያች ቦታ ወደ ቀኝ ያዙሩ። ካንዴላው ቀጥ ብሎ ከገባ ቱቦዋ ያለ ድካም ብዙ ዙር ትወስደዋለች፤ ካጋደለ ግን ጎማው በካንዴላው አናት ላይ ይንሸራተታል እንጂ ጥርሱን አይበላም። መፍቻ ይህን አይነግርዎትም፣ የተጣመመውን ካንዴላ በጸጥታ እየቆረጠ ያስገባዋል። ቱቦዋ ከተንሸራተተች ወደ ኋላ ፈትተው እንደገና ይጀምሩ፣ አሥር ጊዜም ቢሆን።

በጣት እስከ መጨረሻው ሲደርስና ቀለበቷ ቴስታታውን ስትነካ ብቻ ቡሶላውን ያስገቡ። ቀለበት ላለው የ14 ሚሊሜትር አዲስ ካንዴላ የሚበቃው ከዚያ ወዲያ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ነው፤ ቀለበቷ ስትጨፈለቅ ለስለስ ያለ መጥበቅ ይሰማል። አሮጌ ካንዴላ መልሰው ካስገቡ ቀለበቷ አስቀድማ ስለተጨፈለቀች የዙር አሥራ ሁለተኛ ያህል ብቻ ያጥብቁ። የማጥበቂያ መለኪያ ያለው መፍቻ ካለዎት በመጽሐፉ ቁጥር ይሥሩ። በጥርሱ ላይ ግራሶ ወይም ዘይት አይቀቡ፤ የዛሬ ካንዴላዎች ዝገት የሚከላከል ልባጥ ስላላቸው አያስፈልጋቸውም፣ የተቀባ ጥርስ ደግሞ እጅ ሳያውቀው ከመጠን በላይ ይጠብቃል።

ገመዶቹ

አሁን ያወጡትን ገመድ ከአዲሶቹ ጎን አስተኝተው በርዝመት የሚመጣጠነውን ይምረጡ። በቆቡ ውስጥ በጣት ጫፍ ጥቂት ሲሊኮን ግራሶ ይቀቡ፤ ይህ እርጥበት ይከለክላል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ቆቡ ከሸክላው ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ቴስተር ካለዎት ከመግጠምዎ በፊት ተቃውሞውን ይለኩ፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች አንድ ገመድ ከ25 ኪሎ ኦም መብለጥ የለበትም።

የካንዴላው በኩል ያለው ቆብ ሲገባ ብረቱ ሲነክስ ይሰማል፤ ካልተሰማ ገና አልገባም። የዲስትሪቢዩተሩም በኩል እንደዚያው። ገመዱን አሮጌው በሄደበት መንገድ፣ በፕላስቲክ መያዣዎቹ ውስጥ አሳልፈው፣ ከጭስ ማውጫው ብረትና ከሚዞር ችንጋ አርቀው ያስቀምጡት። መያዣዎቹ ለመልክ ብቻ የተደረጉ አይደሉም። ተከታትለው የሚበልጩ የሁለት ሲሊንደሮች ገመዶች ረጅም ርቀት ተጣብቀው ከሄዱ የአንዱ ኃይል በሌላው ላይ ብልጭታ ሊያስነሣ ይችላል።

በዚህ ዓይነት አራቱም ሲያልቁ የቦቢናውን ገመድ ይቀይሩ። የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን በእጅዎ ስለሆነ ከፍተው ውስጡን ይመልከቱ፤ ስንጥቅ፣ የጥቁር መስመር ዱካ ወይም የተበሉ የብረት ነጥቦች ካሉ ክዳኑንና በውስጡ የሚዞረውን ሮተር መቀየር ተገቢ ነው።

ገመዶቹ ተቀላቅለው ከሆነ ደግሞ መውጫ አለ። የአብዛኞቹ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች የብልጭታ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። በአሮጌው ክዳን ላይ የአንደኛው ሲሊንደር ምልክት የት እንደሆነ ይፈልጉ፤ ክዳኑን አንሥተው ቁልፉን አንድ አፍታ ሲያዞሩ ሮተሩ በየት በኩል እንደሚዞር ሌላ ሰው ይመልከትልዎ፤ ከዚያ ከአንደኛው ጀምሮ በሮተሩ አቅጣጫ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ብለው ይሰኩ። ቀድመው ያነሡት ፎቶ ካለ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ማስነሣትና መፈተን

መሣሪያዎቹን ቆጥረው፣ ጨርቁን አንሥተው፣ የባትሪውን ራስ መልሰው ይግጠሙ። ሞተሩ ሲነሣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ላይ ሆኖ ያዳምጡት። ድምፁ እኩል መሆን አለበት፤ በተወሰነ ልዩነት የሚደጋገም መዝለል ካለ ያጥፉትና ቆቦቹን አንድ በአንድ ወደ ታች ይጫኑ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልነከሰ ቆብ ነው። በማርሚታው አፍ አጠገብ እጅዎን ቢያቀርቡ የጭሱ ምት የተስተካከለ ሆኖ ይሰማዎታል። "ፍስ፣ ፍስ" የሚል ሹልክታ ከካንዴላው አካባቢ ከሰሙ አንዱ አልጠበቀም፤ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ያጥብቁት።

ሲመሽ መክደኛውን እንደገና ከፍተው በጨለማ ይዩት። አንድም ሰማያዊ ብልጭታ መታየት የለበትም። በማግሥቱ ጭነት ባይኖረውም የአዘዞን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ያስወጡት፤ በዚያ ላይ ሳይንዘፈዘፍ ከሳበ ሥራው ተሳክቷል። መንተፋተፉ ከቀጠለ ግን ቀጥሎ የሚታዩት ቦቢናው፣ የነዳጅ ፊልትሮውና የሲሊንደሮቹ የመጨመቅ ኃይል ናቸው፤ የመጨረሻው በመለኪያ የሚታይ ስለሆነ የመካኒክ ሥራ ነው።

ተራ የኒኬል ካንዴላ ከ20 እስከ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ የኢሪዲየሙ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ይቆያል። የቀየሩበትን ቀንና የኪሎ ሜትር ንባብ በፕላስተር ላይ ጽፈው ከሞተሩ መክደኛ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉ። ከአሮጌዎቹ ካንዴላዎች ክፍተታቸው ያልሰፋውን ሁለቱን በብሩሽ አጽድተው፣ ከአሮጌዎቹ ገመዶችም ረጅሙንና ጤነኛውን ከቱቦዋ ጋር በጨርቅ ጠቅልለው ከወንበሩ ሥር ያስቀምጡ። ከአይከል በታች ወይም በደባርቅ መንገድ አንድ ካንዴላ ቢሞት እስከ ቤትዎ ያደርስዎታል።